አርቪና ነዳጅ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውልልኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። "አርቪ ልንከራይ ነው፤ ነዳጁ ስንት ይፈጅብናል?" አርቪ የምንለው አልጋና ምድጃ ያለውን፣ እያደሩ የሚጓዙበትን መኪና ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ሦስት ሰመር እየተከራየሁ ነድቻለሁ። አሁን ደግሞ የራሳችን ትንሽ ካምፐር ቫን አለን። በየማደያው የቀዳሁትን ነዳጅና የሄድኩትን ማይል የምጽፍበት ደብተር መኪናው ውስጥ አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከምደጋግመው ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

አርቪ በአንድ ጋሎን ስንት ማይል ይሄዳል?

እንደ ዓይነቱ ነው። አውቶብስ የሚመስለው ትልቁ፣ ክላስ ኤ የሚሉት፣ ከ6 እስከ 10 ማይል ይሄዳል። ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ ያለው ክላስ ሲ ደግሞ ከ8 እስከ 12 ቢሄድ ነው። አብዛኞቻችን የምንከራየው እሱን ነው። ቫኑ፣ ማለትም ክላስ ቢ፣ ከ14 እስከ 20 አካባቢ ይሄዳል። በሚኒቫን ላይ የተሠራ ካምፐር ከ20 በላይ ሊሄድላችሁ ይችላል።

ካምሪ ወይም ኮሮላ የለመደ ሰው 9 ማይል ሲባል ይደነግጣል። ግን አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና ሽንት ቤት ተጭኖ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ መኪና መስታወት ላይ የምታዩት የነዳጅ ወረቀት ትልልቆቹ አርቪዎች ላይ የለም። ኢፒኤ የሚባለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ክብደት ያላቸውን መኪኖች በዚያ መንገድ አይመዝንም። ስለዚህ ሻጩ ወይም አከራዩ የሚነግራችሁ ቁጥር የራሱ ግምት ነው። እኔ ከሚነገረኝ ላይ አንድ ማይል ቀንሼ ነው ሒሳብ የምጀምረው።

የጉዞዬን ነዳጅ አስቀድሜ እንዴት ላስላ?

ጠቅላላ ማይሉን አርቪው በጋሎን ለሚሄደው ማይል አካፍሉ። የሚመጣው ጋሎን ነው። እሱን በነዳጁ ዋጋ አባዙት። አለቀ።

ሰው የሚሳሳተው ማይሉ ላይ ነው። ካርታው የሚነግራችሁ ከቤት እስከ ፓርኩ በር ያለውን ብቻ ነው። የሎውስቶን ፓርክ ውስጥ ግራንድ ሉፕ የሚባለው መንገድ ብቻውን 142 ማይል ነው። ፍልውሃውን፣ ፏፏቴውንና ጎሹን ለማየት እሱን መዞር አለባችሁ።

ለምሳሌ ከአውሮራ የሎውስቶን ደርሶ መልስ፣ እዚያ የምትዞሩትን ጨምሮ፣ 1,300 ማይል እንያዝ። 9 ማይል በሚሄድ ክላስ ሲ 144 ጋሎን ይሆናል። ጋሎኑ 3.50 ዶላር ቢሆን ወደ 505 ዶላር ነው። 18 ማይል በሚሄድ ቫን ደግሞ የዚህ ግማሽ።

ብዙ አከራዮች ከነዳጁ ሌላ በማይልም ያስከፍላሉ። ውሉን ስትፈርሙ ጠይቁ። ሁለት ቤተሰብ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የነዳጁን ነገር ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። መንገድ ላይ፣ ልጆች እያለቀሱ፣ ማደያ ቆሞ ሒሳብ መካፈል ደስ አይልም።

ለምንድነው ይህን ያህል የሚጠጣው? ሞተሩ ትልቅ ስለሆነ ነው?

ሞተሩ ትልቅ መሆኑ እውነት ነው። አብዛኛው የኪራይ ክላስ ሲ የተሠራው ፎርድ ኢ-450 ላይ ነው። አዲሶቹ 7.3 ሊትር ቪ8 ሞተር አላቸው። የድሮዎቹ 6.8 ሊትር ቪ10 ነበሩ። መኪናው ሙሉ ጭነቱን ሲይዝ 6,500 ኪሎ ገደማ ይደርሳል።

ሃይዌይ ላይ ግን ዋናው ባላጋራ አየሩ ነው። ልጅ ሆናችሁ ከመኪና መስኮት እጃችሁን አውጥታችሁ ታውቃላችሁ። መዳፋችሁን ጠፍጣፋ ስታደርጉት ንፋሱ ሾልኮ ያልፋል። ቀና ስታደርጉት እጃችሁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ክላስ ሲ ማለት ቀና ያለው መዳፍ ነው። ፊቱ እንደ ግድግዳ ነው፤ ቁመቱ 11 እና 12 ጫማ ይደርሳል። ጣሪያው ላይ ኤሲ አለ፤ ጎኑ ላይ የታጠፈ ጥላ አለ። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ አየር ሲገፋ ነው የሚውለው።

ቫን ያንኑ ያህል ሰው ባይዝም ነዳጅ ላይ የሚሻለው በዚህ ነው። ጠበብ ዝቅ ያለ ነው፤ አፍንጫውም ተዳፋት ነው።

እሺ፣ በስንት ልንዳው?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይህንን ነው። ቁርጥ ያለ መልስ አለውና። ከ60 እስከ 62 ማይል በሰዓት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አየሩ መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በካሬው ነው የሚጨምረው። ከ62 ወደ 72 ስትወጡ ፍጥነታችሁ የጨመረው በ16 በመቶ ነው። የአየሩ ግፊት ግን በ35 በመቶ ይጨምራል። ለዚያች 10 ማይል የምትከፍሉት ዋጋ ይህ ነው። የምታተርፉት ጊዜስ? 300 ማይል መንገድ ላይ 40 ደቂቃ ነው። አንድ የቡና ዕረፍት።

የንፋሱ ነገር ደግሞ አለ። ይህን የተማርኩት ዋዮሚንግ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ጉዟችን ነበር። የኛና የእህቴ ቤተሰብ፣ ሰባት ሰው። ላራሚ ላይ ፉል አድርገን ኢንተርስቴት 80ን ይዘን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ራውሊንስ ወጣን። 100 ማይል ነው። መሀሉ ላይ ኤልክ ማውንቴን የሚባል፣ በንፋሱ የታወቀ ቦታ አለ። ከፊት ለፊት መጣብን። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ 70 እነዳለሁ። ባለቤቴ ዓይኗ የነዳጁ መርፌ ላይ ነው። "አንተ፣ እየፈሰሰ እንዳይሆን፤ ቁምና እየው" አለችኝ። ዳር ይዤ ወረድኩ። ጎንበስ ብዬ ሥሩን ባትሪ አበራሁበት። ደረቅ ነው። ቆሜ ሳለሁ እንኳን ንፋሱ በሩን ከእጄ ሊነጥቀኝ ይታገላል። ራውሊንስ ገብተን ስንቀዳ 15.6 ጋሎን ገባ። አካፈልኩት፤ 6.4 ማይል በጋሎን።

ስንመለስ ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ መኪና፣ ያንኑ ሰባት ሰው ይዘን 60 ነዳሁ። ንፋሱ ከኋላ ነበር። 10.8 መጣ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 60 ስትነዱ 20 ማይል የሚነፍስ ንፋስ ከፊታችሁ ከመጣ፣ ለአየሩ በ80 እየነዳችሁ ነው። ከኋላችሁ ከመጣ በ40 ነው። ስለዚህ አሁን የአየር ትንበያ ሳላይ ዋዮሚንግ አልገባም። እዚያ አካባቢ ብዙውን ጊዜ ንፋሱ በጠዋት ረገብ ይላል። ወደ ምዕራብ የምሄድ ከሆነ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ያችን 100 ማይል እጨርሳታለሁ።

ከ8 ወደ 10 ማይል ብትወጣ ምን ዋጋ አላት? ሁለት ማይል እኮ ናት!

ትልቅ ዋጋ አላት። 1,200 ማይል ስትሄዱ በ8 ማይል 150 ጋሎን ያስፈልጋችኋል። በ10 ግን 120 ነው። ሠላሳ ጋሎን ተረፈ ማለት ነው። 20 ማይል የሚሄድ መኪና ወደ 22 ቢወጣ የሚያተርፈው አምስት ተኩል ጋሎን ብቻ ነው። በጣም የሚጠጣ መኪና ላይ ትንሿ መሻሻል ብዙ ብር ታድናለች። "ድሮም ይበላል፤ ምን ለውጥ ያመጣል" ብሎ 75 የሚረግጥ ሰው ሳይ የማዝነው ለዚህ ነው።

ዳገት ላይስ?

ከዴንቨር በኢንተርስቴት 70 ወደ ምዕራብ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከተማዋ 5,280 ጫማ ላይ ነች። የአይዘንሃወር ዋሻ አፍ ስትደርሱ ከ11,000 ጫማ በላይ ናችሁ። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይወርዳል፤ በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ገደማ። አዲስ አበባ እንጦጦ ላይ አሮጌ መኪና የነዳ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቃል።

ዳገት ላይ ክሩዝ ኮንትሮሉን አጥፉት። እሱ የሚያውቀው ፍጥነቱን መጠበቅ ብቻ ነው። ዳገት ሲያይ ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩን አስጩኾ፣ ነዳጁን ያንቆረቁረዋል። እናንተ እግራችሁን በልክ አድርጋችሁ ፍጥነቱ ቀስ እያለ ወደ 50 እና 45 እንዲወርድ ፍቀዱለት። ቀኝ መስመር ያዙ። ከባድ መኪኖቹም እዚያው ናቸው፤ ማንም አይቆጣችሁም።

ቁልቁለት ላይ "ቶው ሆል" የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ማርሹን ዝቅ አድርጎ በሞተሩ ይይዝላችኋል። እግራችሁን ከቤንዚን መርገጫው ስታነሱ የዛሬ ሞተሮች ነዳጁን ጨርሶ ይዘጉታል። ማለትም ሞተሩ እየጮኸም ቢሆን ነዳጅ አይበላም። ፍሬናችሁም አይግልም። ይህ ከገንዘብም በላይ የነፍስ ጉዳይ ነው። የፍሬን ሽታ ሲሸታችሁ ዘግይታችኋል።

ዕቃ ብዙ ብንጭን ነዳጅ ይጨምራል?

ይጨምራል። በተለይ ዳገትና ቁም ሂድ ባለበት መንገድ ላይ። ሜዳ ሃይዌይ ላይ ግን ከፍጥነት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

እኛ ዘንድ ትልቁ ክብደት ውሃ ነው። የንጹሕ ውሃው ታንክ 40 ጋሎን ከሆነ፣ ሲሞላ 150 ኪሎ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰው ማለት ነው። ለእጅ መታጠቢያና ለሽንት ቤት የሚሆን ትንሽ ይዛችሁ ውጡ፤ የቀረውን ካምፑ ስትደርሱ ሙሉት። የቆሸሸውንም ውሃ ከካምፑ ሳትወጡ ድፉት። በዚያ ላይ የታሸገ ውሃ እንጭናለን። 24 ግማሽ ሊትር የያዘ አንድ እሽግ 12 ኪሎ ነው። አምስት እሽግ ሲጫን አይቻለሁ። እዚያም ሱቅ አለ!

እንጀራው፣ ድርቆሹ፣ ጀበናው ይሂድ። እሱን ቀንሱ የምል ሰው አይደለሁም።

ጣሪያ ላይ ሳጥን አትጫኑ። ከክብደቱ ይልቅ ንፋሱን ነው የሚይዘው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ተራ መኪና ላይ የጣሪያ ሳጥን በኢንተርስቴት ፍጥነት በጋሎን የሚሄደውን ማይል ከ10 እስከ 25 በመቶ ይቀንሳል። ብስክሌት ካለ ከኋላ ይንጠልጠል።

ቫን ልገዛ ነው። ናፍጣ ይሻላል ወይስ ቤንዚን?

ናፍጣ በጋሎን ብዙ ይሄዳል። አንድ ጋሎን ናፍጣ ከአንድ ጋሎን ቤንዚን 13 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል አለው፤ ሞተሩም ቆጣቢ ነው። ግን በጋሎን ሳይሆን በማይል አስሉት። ለምሳሌ ስፕሪንተር የሚባለው የናፍጣ ቫን 18 ማይል ቢሄድና ጋሎኑ 4.20 ዶላር ቢሆን፣ አንድ ማይል 23 ሳንቲም ነው። ቤንዚን ፕሮማስተር ወይም ትራንዚት 15 ማይል ቢሄድና ጋሎኑ 3.50 ቢሆን፣ እሱም 23 ሳንቲም ነው። እኩል። በዚያ ላይ ናፍጣው የጭሱን ብክለት የሚቀንስ ዴፍ የሚባል ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ጥገናውም ይወደዳል።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለምትወጡ ቤንዚን ይበቃችኋል ባይ ነኝ። እኔም የገዛሁት ቤንዚን ነው። ዓመቱን ሙሉ ተራራ ለተራራ የሚዞር ሰው ናፍጣውን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ጉልበቱ ሌላ ነው።

ከማደያ ሠራተኛ የሰማሁትን ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ አረንጓዴ እጀታ ብዙ ጊዜ ናፍጣ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ቀለሙን ትታችሁ ጽሑፉን አንብቡ። ተሳስታችሁ ከቀዳችሁ ሞተሩን አታስነሱ፤ መኪናውን አስጎትቱት።

ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይበላል?

ይበላል። ክላስ ሲ ላይ የሚቀዳው ከዋናው ታንክ ነው። ኤሲ ሲያዞር በሰዓት ግማሽ ጋሎን ገደማ ያዙለት። ሌሊቱን ስምንት ሰዓት ካደረ አራት ጋሎን ነው። በዚያ ነዳጅ 36 ማይል ትሄዱ ነበር። ታንኩ ሩብ አካባቢ ሲደርስ ጄኔሬተሩ ራሱ ይቆማል፤ መንገድ ላይ እንዳትቀሩ ታስቦ እንደዚያ ተሠርቷል። ስለዚህ በሙቀት አገር ሩብ ታንክ ይዛችሁ አትተኙ።

መብራት ያለበት ካምፕ ከያዛችሁ ገመዱን ሰኩ፤ ጄኔሬተሩን እርሱት። ቡና ለማፍላት ደግሞ የጋዝ ምድጃው ይበቃል። ጀበናዋ የምድጃው ሰፊ ፍርግርግ ላይ ትንገዳገዳለች፤ ትንሽ የብረት ወንፊት ከሥሯ አድርጉላት።

ጎማስ?

የጎማው ንፋስ በ1 ፒኤስአይ ሲቀንስ በጋሎን የሚሄደው ማይል በ0.2 በመቶ ይቀንሳል ይባላል። አራቱም በ20 ከወረዱ 4 በመቶ ነው። ክላስ ሲ ግን ጎማው ስድስት ነው። ከኋላ ጥንድ ጥንድ ነው። የውስጠኛውን ማንም አያየውም። ጠዋት መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለኩት። ልኩ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፏል።

ፕሪሚየም የሚባለውን ውድ ቤንዚን ብቀዳ ወይም ታንክ ውስጥ የሚጨመረውን መድኃኒት ብጠቀምስ?

መመሪያው ሬጉላር ካለ ሬጉላር ቅዱ። በጠርሙስ የሚሸጠውንና ቱቦ ላይ የሚታሰረውን "ነዳጅ ቆጣቢ" ተዉት። ኢፒኤ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን መርምሮ እዚህ ግባ የሚባል ቁጠባ አላገኘባቸውም።

እኛ ያለነው ጀርመን ነው። እናንተ በማይል ነው የምታወሩት፤ እንዴት እንረዳው?

235ን በአሜሪካው ቁጥር አካፍሉ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚፈጅ ይነግራችኋል። 10 ማይል ማለት 23.5 ሊትር ነው። 20 ማይል ደግሞ 12 ሊትር ገደማ። እንግሊዝ ያላችሁ ጋሎናችሁ ትልቅ ነው፤ 4.546 ሊትር። በ235 ፈንታ 282 ተጠቀሙ።

አውሮፓ ያላችሁ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ። እዚያ አብዛኛው አርቪ እንደ ፊያት ዱካቶ ባለ ናፍጣ ቫን ላይ የተሠራ፣ ከ3.5 ቶን የማይበልጥ ነው። ነዳጁ ግን ከአሜሪካ በጣም ስለሚወደድ የፍጥነቱ ምክር ለእናንተ የበለጠ ይሠራል። በኪሎ ሜትር ከ95 እስከ 100 ያዙት።

የት ልቅዳ? ማደያ ላይ የምጠነቀቀውስ?

ዋጋው ከስቴት ስቴት በጣም ይለያያል፤ አንዱ ትልቅ ምክንያት የስቴቱ ግብር ነው። ከላስ ቬጋስ ወደ ካሊፎርኒያ የምትሄዱ ኔቫዳ ውስጥ ፉል አድርጉ። ፓርክ አፍ ላይ ያለ ማደያም ይወደዳል፤ ከዚያ በፊት ባለው ትልቅ ከተማ ቅዱ። የክላስ ሲ ታንክ 55 ጋሎን ድረስ ስለሚይዝ የዋጋው ልዩነት ቀላል አይደለም። በጋሎን 60 ሳንቲም ቢለያይ 33 ዶላር ነው።

ከተማ ውስጥ ጠባብ ማደያ አትግቡ። ወደ ፓምፑ ስትጠጉ ጣሪያው ላይ የተጻፈውን ከፍታ አንብቡ። ሃይዌይ ዳር ያሉት የከባድ መኪና ማደያዎች ለአርቪ የሚሆን ሰፊ መግቢያ አላቸው። ብዙ ፓምፖች ካርድ ላይ የገንዘብ ገደብ ስላላቸው ታንኩ ሳይሞላ ሊቆሙባችሁ ይችላሉ። ካርዱን እንደገና አስገቡ፤ ወይም ገብታችሁ ካሸሩ ጋ ክፈሉ። ደብተር የምትይዙ ከሆነ ታዲያ ሁለቱንም ደረሰኝ ደምሩ። እኔ አንዴ አንዱን ረስቼ 17 ማይል ሄደልኝ ብዬ ለሁሉም አውርቼ ነበር፤ ደውዬ ማረም ነበረብኝ።

የተከራያችሁትን ስትረከቡ የነዳጁን መርፌ ፎቶ አንሱት፤ የማይል ቆጣሪውም አብሮ ይግባ። ስትመልሱም እንደዚሁ። በተረከባችሁበት ልክ ካልመለሳችሁ አከራዩ ለሚሞላው ነዳጅ ከማደያው ዋጋ በላይ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ከመመለሻው ቦታ አምስት ማይል ባልበለጠ ርቀት ያለ ማደያ አስቀድማችሁ ፈልጉና ደረሰኙን ያዙ።